አባቴን ከመኪናው ሥር አትግባ ብዬ እንዴት ልንገረው?

ጤና ይስጥልኝ፣

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእናቴ፣ ከአባቴና ከታናሽ እህቴ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እንኖራለን። ባለፈው ዓመት ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የነበረውን መኪና፣ የ2007 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ፣ ያገለገለ ገዛሁ። ሞተሩ ደህና ነው። ጉልበቱንና ድምፁን ትንሽ ከፍ ላድርግ ብዬ ሄደር የሚባለውን የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ረጅሙን ዓይነት፣ ከእሱ ቀጥሎ ከሚገባው መካከለኛ ቱቦ ጋር አዘዝኩ።

አባቴ አዲስ አበባ እያለ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለብዙ ዓመታት መካኒክ ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚሠራው። ካርቶኑ ሲመጣ ከፍቶ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና «ለዚህ ነው ለሰው ልትከፍል ያሰብከው? እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና አንተ እንገጥመዋለን» አለኝ። በማግስቱ ከአገር ቤት ይዟቸው የመጣውን ቁልፎች ከአልጋ ሥር አውጥቶ ሲወለውል አገኘሁት። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። አባዬ 63 ዓመቱ ነው፣ ወገቡንም ያመዋል። ጃክ ስታንድ የሚሉትን የብረት ማቆሚያ ልግዛ ስለው ሳቀብኝ። «እኛ አይሱዙ በድንጋይ ደግፈን ሥሩ ስንተኛ ነው የኖርነው» ይላል። ብርድ ስለሆነ ደግሞ የቤታችንን ጋራዥ ዘግተን እንድንሠራ ይፈልጋል። እህቴ የምትተኛው ከጋራዡ በላይ ባለው ክፍል ነው።

ያልነገርኩትም ነገር አለ። የገዛሁት ቱቦ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ማለትም የጭሱን መርዛማ ጋዝ የሚያጣራው ዕቃ፣ የለውም። አውቄ ነው የገዛሁት፤ ርካሽ ነበር፣ ማሸጊያው ላይ «ለእሽቅድድም ሜዳ ብቻ» ይላል። አባቴ ከሕግ ጋር የሚያነካካ ነገር በጣም ይፈራል። ልንገረው ብል ደስታውን ላጠፋበት ነው። ዝም ብል ደግሞ እሱን ጥፋት ውስጥ ላስገባው ነው። ጋራዥ ልውሰደው ብል «ልጄ አላመነኝም» ብሎ ያዝናል። ምን ይሻለኛል?

መሐል የገባሁት ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣ አባትህ ቁልፎቹን ሲወለውሉ ያገኘህበትን መስመር ካነበብኩ በኋላ ስለ መኪናው ማሰብ ለጊዜው ተውኩ። ከአገር በወጣ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ለአባቱ የባንክ ደብዳቤ ያነባል፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ ገብቶ ያስተረጉማል፣ ስልኩን ያስተካክላል። አንተም እንደዚያው ሳታደርግ አትቀርም። በዚያ ካርቶን ውስጥ አባትህ ያዩት እሳቸው የሚያውቁትን፣ አንተ ደግሞ የማታውቀውን ነገር ነው። ጋራዥ ወስደህ ብታስገጥመው አንድ ቃል ላይተነፍሱ ይችላሉ፤ ቁልፎቹ ግን ወደ አልጋ ሥር ይመለሳሉ።

ስለዚህ ሥራው ይቅር አልልህም። ይቅር የምልህ የገዛኸው ቱቦ ነው።

ጉዳዩን እንየው። በመኪናህ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ክፍል፣ ከባድ ብረት ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን የ4 ሲሊንደር ጭስ ወዲያው አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይጋፋል። ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ሰጥቶ ወደ ታች ካወረደ በኋላ ነው የሚያገናኛቸው። አንዱ ሲወጣ የሚቀጥለውን ይስበዋል፤ የሚገኘው ጉልበት ከዚያ ነው የሚመጣው። ረጅሙ ዓይነት ግን ወደ ታች ሲረዝም ካታሊቲኮቹ ያሉበትን የፋብሪካ ቱቦ ቦታ ይወስዳል። ለዚህ ነው መካከለኛው ቱቦ አብሮ የሚሸጠው። ያንተው ደግሞ ባዶ ቱቦ ነው።

መኪናህ 4 የኦክስጅን ሴንሰሮች አሉት። ሁለቱ ከካታሊቲኮቹ በኋላ ተቀምጠው ካታሊቲኮቹ ሥራቸውን መሥራታቸውን ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ። ካታሊቲክ ከሌለ የሞተሩ መብራት መብራቱ አይቀርም። የምትኖረው ደግሞ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በየዓመቱ ከሚደረገው የደኅንነት ምርመራ ሌላ በየ2 ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለባችሁ። መብራቱ እየበራ የሄደ መኪና ይወድቃል፤ ያን ያላለፈ መኪና ደግሞ ምዝገባው አይታደስም። «ኮምፒውተሩን እናስተካክልና መብራቱን እናጥፋው» የሚልህ ሰው ብታገኝ፣ እሱም ያው በሕግ የተከለከለ መነካካት ነው። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ካታሊቲክን ከመኪና ላይ ማንሳት ይከለክላል፤ ክልከላው ባለ ጋራዡን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ይመለከታል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውም ለሻጩ መከላከያ ነው እንጂ በየቀኑ ሥራ ለሚሄድበት ሰው ፈቃድ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ልጠይቅህ። መኪናው በማን ስም ነው የተመዘገበው? ኢንሹራንሱስ? አባትህ አብረው የፈረሙበት ወረቀት ካለ፣ ዝም ማለትህ እሳቸውን ሳይጠየቁ ማስፈረም ይሆናል። በአንተ ስም ብቻ ቢሆንም በእጃቸው የገጠሙት ዕቃ ነገ ሲወድቅና ምክንያቱን አስቀድመህ ታውቅ እንደነበር ሲሰሙ፣ ያን ጊዜ የሚሰማቸውን ከአሁኑ ቅሬታ ጋር አመዛዝነው። እኔ የአሁኑን እመርጣለሁ።

አማራጩ አጭሩ ሄደር ነው። አጭሩ በፋብሪካው ማኒፎልድ ቦታ ገብቶ ከነካታሊቲኩ ካለው ከራሱ ቱቦ ጋር ይገጠማል። በካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ተፈትኖ የፈቃድ ቁጥር የተሰጠው ምረጥ። ያንተ ግዛት ካሊፎርኒያ ባይሆንም፣ ቁጥሩ ዕቃው ጭሱን እንደማያባብስ የተረጋገጠበት ማስረጃ ነው። ለመኪናህ ሞዴልና ዓመት የተሰጠ መሆኑን ግን ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ። ጉልበቱን በተመለከተ አልዋሽህም፤ መኪናህ ከፋብሪካ ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ አጭሩ ሄደር እዚያ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ድምፁ ይለወጣል፣ መከለያው ሲከፈት ያምራል። ፍጥነት ብቻ ከሆነ የፈለግከው ቅር ይልሃል። ከአባትህ ጋር አንድ ቀን መሥራት ከሆነ የፈለግከው ግን አጭሩ ይሻላል። ረጅሙን በዚህ መኪና ላይ ለማስገባት ብዙ ጊዜ የመሪውን ዘንግ መፍታት፣ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ማውረድ፣ አንዳንዴም ሞተሩን ከመቀመጫው ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። የመሪው ዘንግ ተፈቶ ሳለ መሪው ከዞረ ደግሞ ከኤርባጉ ጋር የሚያገናኘው ጥቅል ሽቦ ሊበጠስ ይችላል። ለ63 ዓመት ወገብም ሆነ ለአንተ ለጀማሪው እንዲህ ያለው ሥራ አይመከርም።

እንዴት ትነግራቸዋለህ? እሁድ ጠዋት ቁልፍ ይዘው ከቆሙ በኋላ አይሁን። ቀደም ብለህ፣ ቡና ላይ፣ እናትህም ባሉበት ቢሆን ደስ ይለኛል። «አባዬ፣ ዕቃውን ስገዛ ርካሽ መሆኑን አይቼ ነው። ካታሊቲክ የለውም፤ ምርመራውን አያልፍም። ልመልሰውና ሌላ ላዝዝ፤ የትኛው እንደሚሻል አብረኸኝ እይ» በላቸው። ከዚያ የሁለቱን ፎቶ ስልክህ ላይ አሳያቸው። ምናልባት «ድሮ እኛ ይሄን ዕቃ መቼ አየነው» ይሉ ይሆናል፤ በጊዜያቸው የሠሯቸው ብዙዎቹ መኪኖች ካታሊቲክ አልነበራቸውምና። አትከራከር። መምረጡን ለእሳቸው ተውላቸው። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። ደስታቸው የሚጠፋው ሥራው ቀረ ከተባለ ነው፤ ሥራውስ አልቀረም።

አሁን ወደ መኪና ማንሻው፣ ወደ ክሪኩ። «አርጅተሃል፣ ወገብህን ያምሃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በአንዲት ላስቲክ ተይዞ ነው የሚቆመው፣ ላስቲኳ ስትለቅ ደግሞ አታስጠነቅቅም። ይህን አባትህ ከእኔም ከአንተም በላይ ያውቁታል። በድንጋይ ይደግፉ የነበሩት እኮ ክሪኩን ስላላመኑት ነው! እሱን አስታውሳቸው። «አንተም ሁልጊዜ ትደግፍ ነበር፤ እኔ ድንጋዩን ነው በብረት የቀየርኩት» ብትላቸው አሮጌ ልማዳቸውን አከበርክ እንጂ አልነቀፍክም። ማቆሚያዎቹን ቀድመህ ግዛ፤ እሳቸው ሲደርሱ መኪናው ተነስቶ ቆሞ ይጠብቃቸው። ተሠርቶ የቆየ ነገር ላይ ክርክር ይቀንሳል። ወለሉ ደልዳላ ሲሚንቶ ይሁን፤ ተዳፋት ላይ ፈጽሞ አይሆንም። የኋላ ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ይታገዱ። ማንም ከመግባቱ በፊት መኪናውን ከጎን በደንብ ግፋው፤ ከተወዛወዘ አውርደህ እንደገና አቁመው። የፈታኸውን ጎማም ከመኪናው ሥር አጋድመህ ተወው።

ሥሩ የምትገባው አንተ ነህ። «አባዬ፣ አንተ ከላይ ሆነህ እዘዘኝ፤ እኔ ከሥር ልግባና ልማር» በል። ሶማሌ ተራም ቢሆን ዋናው ያዛል፣ ረዳቱ ይተኛል። ማዕረጉን የሚያውቁት ነው።

እሳቸውስ ምን ይሠራሉ? ዋናውን። የ2007 መኪና በየክረምቱ ጨው በሚበተንበት መንገድ ኖሮ ከሆነ፣ የማኒፎልዱ ብሎኖች ዝገው ተጣብቀዋል። ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ብሎን ቴስታታው ውስጥ ከተበጠሰ የእሁዱ ሥራ ወደ ሳምንት ሥራ ይለወጣል። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምራችሁ ማታ ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዝገት የሚያላላውን ስፕሬይ እያንዳንዱ ዳዶ ሥር ንፉ። በሚፈታበት ቀን ቁልፉን አባትህ ይያዙ፤ ከላይ የሚደረስባቸውን እሳቸው ይፍቱ። ሊፈታ ያለ ብሎን ጮኾ ይለቃል። ሊበጠስ ያለ ብሎን ግን እጅ ላይ እንደ ላስቲክ ለስለስ ይላል፣ ይዞራል ግን አይለቅም። እንዲህ ሲሆን ቆም ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ማጥበቅ፣ እንደገና ስፕሬይ፣ እንደገና ትንሽ ማላላት ነው። ይህን ልዩነት ከቪዲዮ አታገኘውም። እጅህን ቁልፉ ላይ ከእጃቸው ጋር እንድታስቀምጥ ጠይቃቸውና ራስህ ስማው።

ከፈታችሁ በኋላ የአሮጌው ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ቅሪት ቴስታታው ላይ እንዳይቀር በቀስታ ይፋቅ፤ አሉሚኒየም ነውና መፍጫ አይነካው። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገቡ፣ አሮጌውን አትመልሱ። ብሎኖቹ በሙሉ በእጅ ከያዙ በኋላ ነው ማጥበቅ የሚጀመረው፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ በጥቂት በጥቂቱ። እዚህ ጋ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ ምክንያት ከአባትህ ጋር ትንሽ ልትጋጩ ትችላላችሁ፤ የድሮ መካኒክ «ቶርክ ሬንች ምን ያደርግልኛል፣ እጄ ያውቃል» ይላል። እሳቸው በእጃቸው ያድርሱት፣ አንተ መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች ጨርሰው። ሁለታችሁም ልክ ትሆናላችሁ። የሴንሰሮቹ ሽቦዎች ከቱቦው ርቀው መታሰራቸውን ሳታይ መከለያውን አትዝጋ። ቱቦዎቹንም ከመገጠማቸው በፊት ወልውላቸው፤ የጣት ቅባት ሲሞቅ ይጨሳል፣ ምልክቱም አይለቅም። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ከተጠቀምክ ክሎሪን የሌለበት መሆኑን እይ፤ ክሎሪን ያለበት ሞቃት ብረት ላይ ሲያርፍ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ጋራዡን መዝጋት ላይ ግን መደራደር የለም። ዘግቶ መፍታትና መግጠም ይቻላል፤ ሞተር ማስነሳት ግን አይቻልም። አዲስ የተገጠመ ሄደር መገጣጠሚያው ላይ ሊያፈስ ይችላል፤ ከሚያፈሰው ውስጥ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ለአባትህ ይህን በኬሚስትሪ አታስረዳቸው። አገር ቤት በራቸውን ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ጠዋት ያልነቁበትን ታሪክ እሳቸው በደንብ ያውቁታል። «ያው የከሰሉ ነገር ነው፤ እህቴ ደግሞ ከላይ ናት» በላቸው፣ ይበቃል። መኪናውን ወደ ውጭ ገፍታችሁ አውጡና እዚያ አስነሱት፤ በሩን ብቻ መክፈት ከላይ መኝታ ላለው ቤት አይበቃም። እህትህ ክፍል ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌለ ዛሬውኑ ግዛ፤ ይሄ ከሄደሩ ጋርም አይገናኝ።

ሲነሳ አባትህ ያዳምጡ። በቀዝቃዛው ሞተር ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ወሬ አታውሯቸው። ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ ከሆነ ከውጭ አየር ይገባና ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። መኪናው ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አሳስቦኛል። አባትህ የማታ ሠራተኛ ናቸው። ቅዳሜ ማታ ሥራ ላይ አድረው፣ ጠዋት ቅዳሴ ቆመው፣ የጾም ወቅት ከሆነም ምንም ሳይቀምሱ ነው ወደዚህ ሥራ የሚመጡት? ከሆነ ቀኑን ቀይሩ። የዕረፍት ቀናቸው መቼ እንደሆነ ጠይቃቸው፤ አንተ ከሥራህ አንድ ቀን ፈቃድ ውሰድ። እንዲህ ማድረግህን ሲያዩ እንደምትፈልጋቸው ይገባቸዋል። በማግስቱ ሥራ የምትሄድበት ሌላ መጓጓዣም አዘጋጅ፤ ችኮላ ብሎን ይበጥሳል። የምትኖሩበት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግቢ ውስጥ መኪና መጠገን ከልክሎ እንደሆነም ቀድመህ አንብብ፤ ብዙዎቹ ይከለክላሉ።

ይህን ሁሉ ነግረሃቸው ማቆሚያውን እንቢ ካሉስ? ያን ጊዜ አትጀምር። «አባዬ፣ ያለ እሱ አልችልም፣ እፈራለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ስለ ዕድሜያቸው አታውራ፣ ስለ ራስህ ፍርሃት ተናገር፤ አባት ለልጁ ፍርሃት ሲል የሚተወውን ለሕግ ሲል ላይተወው ይችላል። ብሎን ተበጥሶ ቢቀር ደግሞ የት ላይ እንደምታቆሙ ከወዲሁ ተስማሙ፤ መኪናውን ጭኖ የሚወስድ ሰውና ቴስታታ የሚሠራ ጋራዥ ስልክ ይዘህ ተዘጋጅ። አባትህም አብረው ይሂዱ፣ ለመካኒኩ የሆነውን እሳቸው ያስረዱት።

ለዛሬ ግን የመጀመሪያው ሥራህ ስልክ መደወል ነው። ተገጥሞ የማያውቅ ዕቃ ብዙ ሻጮች ይመልሳሉ፤ የመመለሻው ቀን ግን አጭር ሊሆን ይችላል፣ ካርቶኑም ተከፍቷል። ቱቦዎቹ እንዳይጫሩ ጠቅልለህ መልሳቸው፣ ደረሰኙን ፈልግ፣ የመላኪያውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ጠይቅ። አልመልስም ካሉህ መንገድ ላይ ለማይነዳ የእሽቅድድም መኪና ባለቤት ካልሆነ በቀር ለሌላ ወጣት አትሽጠው።